በሐኪም የታዘዘ ምግብና የግብር እፎይታ

በሕመም ምክንያት የተለየ ምግብ መብላት ግድ የሆነበት ሰው ለዚያ ምግብ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ በግብር ሕግ ፊት ምን ተብሎ ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት የደረሰኝና የቅጽ ጉዳይ ቢመስልም፣ በሥሩ ምግብና መድኃኒት የሚለያዩበትን ድንበር ማን ያሰምራል የሚል ሌላ ጥያቄ ይዟል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ሃና ማርያም ባሉት ሰፈሮች የሚኖር ደመወዝተኛ ወይም ነጋዴ፣ ለታመመ ልጁ ከፋርማሲ የገዛውን ልዩ ዱቄት ደረሰኝ ይዞ ወደ ግብር ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ወጪውን የሚያስቀንስበት ቅጽ አያገኝም፤ ይህም ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ፈቃደኛ ስላልሆነ ሳይሆን ሕጉ ራሱ እንዲህ ዓይነት ወጪን የሚቀበልበት በር ስላልሠራ ነው። በሩ ለምን እንዳልተሠራ፣ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሠሩትና በኢትዮጵያ ይሠራ ቢባል በየትኛው ግድግዳ በኩል ቢከፈት እንደሚሻል መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ስያሜው መጥራት አለበት። ልዩ የሕክምና ምግብ ሲባል ልማድ፣ ሃይማኖት ወይም የግል ምርጫ የወሰነው አመጋገብ ማለት አይደለም፤ ጾመኛ ሥጋ አለመብላቱ፣ ክብደት ሊቀንስ የፈለገ ሰው እራት መተዉ ከዚህ ምድብ አይገባም። ምድቡ የሚመለከተው አንድ የታወቀ በሽታ ያለበት ሰው በተለመደው ማዕድ ሊኖር ስለማይችል በሐኪም ክትትል እንዲመገበው የተዘጋጀለትን ምግብ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት፣ ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የሚባለው የምግብ ደረጃ አውጪ አካል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ እንዲህ ያሉ ምግቦች መለያ ጽሑፍ ደረጃ ሲያወጣ፣ በሕክምና ክትትል ሥር ብቻ ሊወሰዱ እንደሚገባ እንዲጻፍባቸው ያደረገው ከዚህ የተነሣ ነው። ለምሳሌ ፌኒልኪቶኑሪያ ከተባለ የዘር ሕመም ጋር የተወለደ ሕፃን፣ ፌኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፋይ ሰውነቱ አፍርሶ ሊጠቀምበት ስለማይችል፣ የጡት ወተት እንኳ በልክ ካልተሰጠው አእምሮው ይጎዳል፤ ምግቡም ይህ ክፋይ ተለይቶ የወጣለት ዱቄት ነው። የላም ወተት ፕሮቲን የሚያስቆጣው ጨቅላ እንዲሁ ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረለት ወተት ያስፈልገዋል። እነዚህን ምርቶች ሌላ ሰው ለጣዕማቸው ብሎ አይገዛቸውም።

ሲሊያክ የሚባለው ሕመም ከእነዚህ ይልቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ ብዙ የሚናገረው አለው። ሕመሙ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን፣ ማለትም ሊጥን የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ የሕመምተኛውን የሰውነት መከላከያ አስነሥቶ የገዛ ትንሹን አንጀቱን እንዲያጠቃ የሚያደርግበት ሁኔታ ነው። በሰፊው የሚታዘዝ ክኒን የለውም፤ ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ ከማዕድ ማስወጣት ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው የአዲስ አበባ ሕመምተኛ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ዕድለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ወፍጮ ቤቱ ከጤፉ በፊት ስንዴ ፈጭቶ ከሆነ፣ እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተቀዳ ከሆነ፣ ወይም የጤፍ ተብሎ የሚሸጠው እንጀራ ገብስ የገባበት ከሆነ ዕድሉ እዚያው ያበቃል። በኮዴክስ ደረጃ ከግሉተን ነፃ ለመባል በአንድ ኪሎ ግራም ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ይህ መጠን በወፍጮ ጥርስ መካከል የቀረ የስንዴ ብናኝ በቀላሉ የሚያልፈው ነው።

የስኳር ሕመም ግን በጥንቃቄ ተለይቶ መታየት ይኖርበታል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለስኳር ሕሙማን ተብለው የሚሸጡ ብስኩቶችና ጣፋጮች አሉ፤ ዋጋቸውም ከተራው ይወደዳል። ይሁንና የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት ለስኳር ሕሙማን የተለየ የምግብ ምድብ ለማቆም የሚያበቃ ሳይንሳዊ መሠረት አለመኖሩን አስታውቋል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ያወጣው የልዩ ምግቦች ደንብም ይህን ምድብ አልያዘም። የስኳር ሕመምተኛ የሚያስፈልገው መጠኑ የተመጠነ፣ ጥራጥሬና አትክልት የበዛበት የተለመደ ምግብ ሲሆን፣ ይህም ከሃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ የሚገኝ እንጂ በወርቃማ ማሸጊያ የሚመጣ አይደለም። በማሸጊያው ላይ የበሽታ ስም ያለበትን ሁሉ ከግብር ነፃ የሚያደርግ ሕግ ቢወጣ፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሕመምተኛው ሳይሆን ማሸጊያውን ያተመው ነጋዴ ይሆናል።

እፎይታውን በሕጋቸው ያስገቡ አገሮች መንገዳቸው አንድ አይደለም። በአየርላንድ ሲሊያክ ያለበት ግብር ከፋይ፣ ሐኪም ካረጋገጠለት፣ ከግሉተን ነፃ ለሆነ ምግብ ያወጣውን ገንዘብ ከጤና ወጪ ጋር ደምሮ 20 በመቶውን ከግብሩ ላይ ማስመለስ ይችላል። ካናዳ ይህን ያህል ለጋስ አይደለችም፤ የምትቀበለው የዋጋውን ልዩነት ብቻ ነው፤ ማለትም ከግሉተን ነፃ የሆነው ዳቦ ከተራው ዳቦ በምን ያህል እንደሚበልጥ ተሰልቶ ብልጫው ብቻ በሕክምና ወጪነት ይያዛል፤ ምግቡን ቤተሰቡ በጋራ ከበላው ደግሞ የሕመምተኛው ድርሻ ተለይቶ ይወጣል። በአሜሪካም መርሁ ይኸው ብልጫ ሲሆን፣ ጠቅላላው የሕክምና ወጪ ከተስተካከለው ዓመታዊ ገቢ 7.5 በመቶ ካልበለጠ፣ ግብር ከፋዩም ወጪዎቹን በዝርዝር የሚያቀርብ ካልሆነ፣ ከሕጉ የሚያገኘው ነገር የለም። የብልጫ መርህ መነሻው ቀላል ነው፤ ማንኛውም ሰው ቢታመምም ባይታመምም መብላቱ ስለማይቀር፣ ሕመሙ ያመጣው ወጪ ጭማሪው ብቻ ነው።

ይህ መርህ ግን ተራ ምግብ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ የተመለሰ አድርጎ ይወስደዋል፤ በቶሮንቶ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ጥያቄው ገና ክፍት ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው፤ ንጹሑ የጤፍ ዱቄት ውድ ነውና። በዚያ ቤት ሲሊያክ ያለበት ሰው ንጹሕ ጤፍ ሲገዛ፣ ማነጻጸሪያው የሱፐርማርኬቱ ተራ ዳቦ ነው ወይስ የቤቱ ድብልቅ እንጀራ? የካናዳ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ሕመምተኛው ከግሉተን ነፃ ምግብ ለራሱ ለማዘጋጀት የሚገዛውን የሩዝ ዱቄት የመሰለ ነገርም ስለሚቀበል፣ የጤፍ ዱቄት በዚያው አመክንዮ ሊገባ ይችላል ብሎ መከራከር ይቻላል። በአዲስ አበባ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአውሮፓው ሕመምተኛ በልዩ መደርደሪያ የሚፈልገው ምግብ እዚህ የዕለት እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ብልጫ ሊባል የሚችለው በንጹሕ ጤፍና በድብልቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው። (ጤፍ ለሲሊያክ ሕሙማን ተስማሚ መሆኑን ያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መታተሙ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ማግኘቱ ይታወሳል፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ እስኪጥለው ድረስ።)

ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ሲመጣ የመጀመሪያው ማረፊያ የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። አዋጁ ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፤ የመቀጠር ገቢ በሠንጠረዥ ‘ሀ’፣ የቤት ኪራይ በ‘ለ’፣ የንግድ ሥራ በ‘ሐ’፣ ልዩ ልዩ ገቢዎች በ‘መ’፣ ነፃ የተደረጉት ደግሞ በ‘ሠ’ ተቀምጠዋል። ደመወዝተኛ ግብሩን አሠሪው ከደመወዙ ላይ ቀንሶ የሚያስገባለት ሲሆን፣ ተቀናሽ ወጪ፣ ማለትም ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ የሚወርድ የግል ወጪ፣ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ባለትዳርና ላጤ፣ ጤነኛና ሕመምተኛ፣ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ ግብራቸውም እኩል ነው። ነጋዴውም ቢሆን የሚቀንሰው ገቢውን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ እንጂ ለግል ፍጆታው ያወጣውን አይደለም።

ከነፃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ሁለት ድንጋጌዎች ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው አሠሪ ለተቀጣሪው ሕክምና የሚከፍለውን ትክክለኛ ወጪ ነፃ ያደርጋል። ሁለተኛው በማዕድን፣ በማኑፋክቸሪንግ ወይም በግብርና ሥራ የተሰማራ አሠሪ ለሠራተኞቹ በነፃ የሚያቀርበውን ምግብና መጠጥ ነፃ ያደርጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚወጣው ሥዕል ያስገርማል፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ጤነኛ ሰው በነፃ የሚበላው ምሳ ግብር አይነካውም፤ በቢሮ የሚሠራ ሕመምተኛ ግን ያለሱ ሊኖር የማይችለውን ምግብ ግብር ከተከፈለበት ደመወዙ ይገዛል። አሠሪው በሕክምና ወጪነት ቢከፍልለትስ? አዋጁ ሕክምና ይላል እንጂ ምግብ አይልም፤ ሲሊያክን ለመሰለ ሕመም ምግቡ ራሱ ሕክምናው ስለሆነ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የምርመራ ውጤትና በአሠሪው ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ተሟልተው ከቀረቡ ክርክሩ ጉልበት ይኖረዋል። ድንጋጌው የሚያነሣው ተቀጣሪውን በመሆኑ ግን ለልጅ የተገዛው ዱቄት በዚህ ክርክርም መሻገሩ ያጠራጥራል። በሥራ ላይ ካለው ሕግ ውስጥ ወደ እፎይታ የሚጠጋው ቀዳዳ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም መልካም አሠሪ ላለው ሰው።

ታዲያ ለምን ተቀናሽ ወጪ አይፈቀድም የሚለው ጥያቄ በተፈጥሮ ይከተላል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ መልሱ እንደታሰበው አይጣፍጥም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በ15፣ በ20፣ በ25፣ በ30 እና ከ14,000 ብር በላይ የሆነውን በ35 በመቶ ያስከፍላል። አምስት ሰዎች ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ልጅ አላቸው፣ እያንዳንዳቸውም በወር 2,000 ብር ተጨማሪ ያወጣሉ፣ ይህም ብር ከደመወዛቸው ላይ እንዲቀነስ ተፈቅዷል ተብሎ ይታሰብ። ደመወዙ 20,000 ብር የሆነው ከግብሩ 700 ብር ይተርፈዋል። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ 600 ብር ይተርፈዋል። 3,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ ቀድሞውኑ የምትከፍለው ግብር 150 ብር ስለሆነ የሚተርፋትም እሱ ብቻ ነው። ደመወዙ 2,000 ብር የሆነው የጥበቃ ሠራተኛና በሃና ማርያም የግንባታ ቦታ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ምንም አያገኙም። ዱቄቱ ግን ለአምስቱም እኩል ዋጋ ነው። እንደ አየርላንድ ሁሉ ለሁሉም አንድ ወጥ ምጣኔ ይደረግ ቢባል ልዩነቱ ይጠባል፤ ሆኖም የሚቀነስለት ግብር የሌለው ሰው፣ መንግሥት ከካዝና አውጥቶ ካልሰጠው በቀር፣ ያው ባዶ እጁን ይቀራል። በደመወዝ ግብር በኩል የሚከፈት በር ይበልጥ የሚሰፋው ብዙ ለሚያገኘው ሰው መሆኑን እነዚህ ቁጥሮች ያለ ክርክር ያሳያሉ።

ሁሉም ገዢ የሚያልፍበት በር ሌላ ነው፤ እሱም በዋጋው ውስጥ የተቀበረው ታክስ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የሚባለው፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 285 ተደንግጎ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሽያጭ ታክስን ሲተካ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ፣ በመመሪያ የተዘረዘሩ መድኃኒቶችንና የሕክምና አገልግሎትን ነፃ አድርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1341 ሕጉን እንደ አዲስ ቢያወጣውም መደበኛው ምጣኔ 15 በመቶ እንደሆነ ቀጥሏል። ከታክስ በፊት 2,000 ብር በሚያወጣ ዕቃ ላይ ይህ 300 ብር ነው፤ ቢነሣ ደመወዙ ሃያ ሺህ ለሆነውም፣ ደመወዝ ለሌለውም እኩል 300 ብር ይቀራል።

ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒት በሚለው ቃል ላይ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ አገሮች የጉምሩክ ታሪፋቸውን የሚያዋቅሩበት ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት፣ ሃርሞናይዝድ ሲስተም፣ መድኃኒቶችን በምዕራፍ 30 ያስቀምጣል፤ ነገር ግን የዚያው ምዕራፍ የመጀመሪያ ማስታወሻ በደም ሥር ከሚሰጡት የምግብ ዝግጅቶች በስተቀር ለልዩ አመጋገብ፣ ለስኳር ሕሙማን የተዘጋጁ ወይም የበለጸጉ ምግቦችን በግልጽ ከምዕራፉ ያስወጣቸዋል። በከረጢት ሆኖ በደም ሥር የሚገባው ምግብ መድኃኒት ነው፤ በአፍ የሚወሰደው ግን ሐኪም ቢያዝዘውም ምግብ ነው። ከዚህ በኋላ ዕቃው በወደቡ ላይ የምግብ ስም ይዞ ይገባል፤ እንደ ዓይነቱም ቀረጥ፣ ቫትና ሱር ታክስ የሚባለው 10 በመቶ ተጨማሪ የገቢ ዕቃ ታክስ ይከተለዋል። ቫቱ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ በመሆኑ ታክስ በታክስ ላይ ይደራረባል፤ ሕመምተኛው በፋርማሲው መስኮት የሚያየው ዋጋ ይህን ሁሉ የተሸከመ ነው።

የአገሪቱ አሠራር ግን ምግብን ለይቶ ማየት አያውቅም ማለት አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ሲበረታ መንግሥት የምግብ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ስንዴና የሕፃናት ወተት በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ በራሱ ምንዛሪ፣ እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር። መነሻው የገበያ እጥረት እንጂ ሕመም አልነበረም፤ ሆኖም የሕፃናት ወተትን ከሌላው ሸቀጥ ለይቶ በስሙ መጥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ለልዩ የሕክምና ምግብ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ በስሙ መጠራት። እዚህ ላይ አንድ የቃላት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቫት ሕግ ነፃ የተደረገ ዕቃና በዜሮ ምጣኔ ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ አንድ አይደሉም። ነፃ በሆነ ዕቃ ላይ ሻጩ ለጥሬ ዕቃ፣ ለማሸጊያና ለመጓጓዣ የከፈለውን ቫት ማስመለስ ስለማይችል በዋጋው ውስጥ ይከተዋል፤ በዜሮ ምጣኔ ግን ያስመልሰዋል። ለተጠቃሚው የሚበጀው ሁለተኛው ቢሆንም ለገቢ ሰብሳቢው የሚቀለው የመጀመሪያው ነው፤ ምርቶቹ ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ግን የአገር ውስጥ ግብዓት ታክሱ አነስተኛ ስለሚሆን፣ ነፃ ማድረጉ ብቻውንም ብዙ መንገድ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ የሕክምና ምግብን ጉዳይ በሌላ መንገድ፣ ከታክስ ጋር ሳታነካካ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ፈትታዋለች። በከፋ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው፣ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳር፣ ከቪታሚንና ከማዕድናት የሚዘጋጀው ሊጥ መሰል ምግብ፣ በየጤና ጣቢያውና ጤና ኬላው ፕላምፒ ነት በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው፣ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጠረ ሲሆን ከ2007 ጀምሮ በለገጣፎ በሚገኘው ሂሊና ፋብሪካ ይመረታል። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ክብደቱና የክንዱ ልኬት ታይቶ ለሕፃኑ በነፃ ይታደላል። እናቲቱ ደረሰኝ አትሰበስብም፣ ቅጽ አትሞላም፣ ግብር ከፋይ መሆንም አይጠበቅባትም። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የወለደው ፋፋ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል፤ ከምርምር ቤት ቢወጣም ለቤተሰብ የደረሰው በሱቅ በኩል እንደ ምግብ ተሽጦ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የሕፃን ገንፎ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ይሰማል። ስንዴ ስላለበት ሲሊያክ ላለበት ሕፃን አይሆንም፤ ለብዙኃኑ የተሠራ ምግብ ጥቂቶቹን እንደሚዘል ከዚህ ይታያል።

ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም ነፃ እደላና የታክስ እፎይታ፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚስማሙ መለየት ይቻላል። ፌኒልኪቶኑሪያንና የከፋ የወተት አለርጂን ለመሰሉ፣ ሕሙማኑ ጥቂት፣ ምርቱ ውድና የማይተካ ለሆኑት፣ በሆስፒታል በኩል በነፃ ማደል ከታክስ እፎይታ እጅግ ይሻላል፤ ከአንድ ዱቄት ላይ 15 በመቶ ቢነሣለትም ቀሪውን መክፈል የማይችል ወላጅ አለና። ሲሊያክን ለመሰለው ግን፣ ምግቡ በየቀኑ ከየሱቁ የሚገዛ በመሆኑ፣ እደላ አይመችም፤ ታክሱን ከዕቃው ላይ ማንሣቱ ይቀላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ለማዘጋጀት የሚቀርበውም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብንና መድኃኒትን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ምርቱ የሚለውን መሆኑን ካረጋገጠ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር የታክሱን ነገር መወሰን፣ ጉምሩክም መለያ ቁጥሩን አይቶ ማሳለፍ ይችላል፤ የገቢ ሰብሳቢው ሠራተኛ ስለ አንጀት መፍረድ አይጠበቅበትም።

ዝርዝሩ የማይደርስበት አንድ ቦታ ግን ይቀራል። የአዲስ አበባው የሲሊያክ ሕመምተኛ ከውጭ ከሚመጣው ብስኩት ይልቅ በየቀኑ የሚበላው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚገዛው ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ውጭ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሥር ከሚቀመጡ እንጀራ ሻጮችና ከባልትና ቤቶች፣ ያለ ደረሰኝ ነው። እዚያ የሚነሣ ቫት የለም፤ ቀድሞም አልተከፈለምና። ለዚህ ገዢ ወጪው የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ጤፉን ራሱ ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ ከሌላ እህል ጋር በማይነካካ ወፍጮ አስፈጭቶ፣ የራሱን እርሾ ይዞ በራሱ ምጣድ ማስጋገር። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት አንድ ድንጋይ ለይቶ የሚያቆም የሰፈር ወፍጮ ቤት እስኪገኝ ድረስ፣ ብዙዎቹ ቤተሰቦች የሚያደርጉት የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ለምኖ፣ ድንጋዩ በሌሊቱ ከጸዳ በኋላ በማለዳ የመጀመሪያውን ተራ መያዝ ነው።